ጋሽ ይበልጣል ያልጻፉት ማስታወቂያ

ሐጂ ሰዒድ ከአማኑኤል ሲደውሉልኝ ኮምፒውተሬ ላይ የመጣውን የለውጥ ዝርዝር እያነበብሁ ነበር። የምንሠራበት የማስታወቂያ ፕሮግራም በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ነገር ይጨምራል፣ አንድ ነገር ይቀንሳል፤ ያንንም በእንግሊዝኛ ዘርዝሮ ይልክልናል። የዚያን ቀን ሦስተኛው ነጥብ፣ ከእንግዲህ ፕሮግራሙ ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ከሰው ጽሑፍ እንዲለይ ምልክት ይደረግበታል የሚል ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ እያነበብሁት ሳለ ነው ስልኩ የጠራው።

«ሰናይት፣ ይበልጣል አረፈ» አሉኝ ሐጂ ሰዒድ። «ዛሬ ጠዋት ነው። ቀብሩ ነገ ነው አሉ። ትሰሚኛለሽ?»

እሰማለሁ አልሁ። ስልኩን ዘግቼ ያንኑ ሦስተኛ ነጥብ እንደገና አየሁት። ከዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ጋሽ ይበልጣልን ያወቅኋቸው ደብረ ማርቆስ ባለችው ትንሽ የማስታወቂያ ቢሯችን ነው። ቢሮዋ የምሥጋናው ናት። ምሥጋናው አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ፣ ፈጣን፣ ወሬው የማያልቅ የእኔ እኩያ ነው። የሱቆችን፣ የክሊኒኮችን፣ የማኅበራትን ማስታወቂያ አዘጋጅተን በሰው ስልክ ላይ እንዲታይ እናደርጋለን። ምስሉንና አወጣጡን እኔ እሠራለሁ፤ ጽሑፉን የሚጽፉት ጋሽ ይበልጣል ነበሩ። ብዙ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የመጡት። ልጅ ሳሉ ቅኔ ቤት እንደነበሩ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

አጭር ሰው ነበሩ፤ የኮታቸው ቁልፍ በሙቀትም አይፈታም። የኮምፒውተሩን ፊደሎች እንደ ጽሕፈት መኪና በኃይል ይመቷቸዋል። የሚገርመኝ ግን ግራ እጃቸው ነበር። መስመር ባለቀ ቁጥር ሳያውቁት ብድግ ይልና አየሩን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ የዱሮውን መኪና ወደ መስመሩ መጀመሪያ የሚመልሱ ይመስል። መጀመሪያ ሰሞን እኔና ምሥጋናው ተደብቀን እንስቅ ነበር። በኋላ ለመድነው።

የዋህ ሽማግሌ አልነበሩም። ቂም ይይዛሉ። አንድ ጊዜ የሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ላይ «ሠርግ»ን በእሳቱ «ሰ» ጽፌ አወጣሁና ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም፤ ሻይ ሲያዝዙ እንኳ ለራሳቸው ብቻ አዘዙ። በአራተኛው ቀን «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስሙን አደራ ሰጥቶሻል እኮ» አሉኝና ነገሩ በዚያው አለቀ። ሲያመሰግኑም ቁጥብ ናቸው። ሥራዬን የወደዱት ዕለት «ይሄ ይሁን» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ሰምቼ አላውቅም።

የሚጠሉት ቃል «ምርጥ» ነበር። ደንበኛ መጥቶ «ምርጥ ጫማ በሉልኝ» ሲላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና «ከማን ጋር ተወዳድሮ?» ይሉታል። ደንበኛው ይስቃል። እሳቸው አይስቁም፤ መልሱን ይጠብቃሉ።

ከሐጂ ሰዒድ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። ሐጂ ሰዒድ አማኑኤል ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። አዲስ ያስገቡትን ጨርቅ እንድናስተዋውቅላቸው መጡና «ቀለሙ የማይለቅ በልልኝ» አሉ። ጋሽ ይበልጣል በማግሥቱ በሚኒባስ አማኑኤል ሄደው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳፋ አስቀርበው፣ ከየቀለሙ ቁራጭ እያስቆረጡ በሳሙና አጠቡት። ሰማያዊው ደኅና ነበር። አረንጓዴውም ደኅና ነበር። ቀዩ ሳፋውን ደም አስመሰለው። መንገደኛው ቆሞ ያያል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሱቄን ልታስተዋውቅ ነው ወይስ ልትዘጋ የመጣኸው?» ብለው ጮኹባቸው ሐጂ ሰዒድ።

ማስታወቂያው የወጣው «ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀለም አይለቅም። ቀዩ ይለቃል፤ ለብቻው ይታጠብ» ተብሎ ነው። ሐጂ ሰዒድ ለምሥጋናው ደውለው ዳግመኛ በራችሁን አልረግጥም አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው መጥተው ጋሽ ይበልጣል ፊት ተቀመጡ። «ሴቶቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ቀዩ ይለቃል ብሎ የነገረን ሰው ስለ ሰማያዊው አይዋሸንም ይላሉ። ቀዩንም ጨረሱት።» ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሰዒድ ከእሳቸው በቀር በማንም አያስጽፉም ነበር።

ምሥጋናው ሥራችንን ሁሉ ወዲያ ማዶ ወዳሉ ኮምፒውተሮች ሲያዛውረው፣ ደመና ይሉታል፣ የፈራሁት ለእሳቸው ነበር። ፋይሉ ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ የለም፤ በኢንተርኔት ይከፈታል፤ ሦስታችንም ባለንበት ሆነን እናየዋለን። «ዶሴዬን ደመና ላይ ሰቅላችሁ ሲዘንብ የት ልፈልገው?» ብለው ቀለዱብን። ቢሆንም ተማሩ። ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር ገዝተው፣ አዲስ ለውጥ በመጣ ቁጥር እኔን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ያስተረጉሙኛል። ምን ተጨመረ? ምን ቀረ? ማነው የወሰነው? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ አልችልም ነበር።

በጣም የወደዱት የጽሑፉን ታሪክ የሚያሳየውን ገጽ ነው። አንድ ቃል በተለወጠ ቁጥር ማን እንደለወጠውና በስንት ሰዓት እንደሆነ በስም ይመዘግባል። «እኛ መሥሪያ ቤት ይሄ ቢኖር ኖሮ ስንት ሰው በከንቱ ባልታሰረ» አሉ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ገጹን ደግመው አዩት። «ይሄ ምስክር ነው።»

ሚያዝያ ላይ ከሮብ ገበያ ከተማ የድንች ዘር አምራቾች መጡ። ከጮቄ ተራራ ሥር የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ ዘራቸውም ጥሩ ዘር ነበር። ጋሽ ይበልጣል ግማሽ ቀን ሲጠይቋቸው ዋሉ። የት የት ተተከለ? ስንት ክረምት አየ? ወረድ ብሎ ሞቅ ባለው አገርስ? «እዚያ አልሞከርነውም» አሏቸው። ጽሑፋቸው አራት መስመር ነበር። የመጨረሻው መስመር «ዘሩ ለደጋ ነው፤ ሞቃት አገር አልተሞከረም» ይላል።

በማግሥቱ ለቅሶ ሄደው ሥራ አልገቡም። ያን ቀን ጠዋት አዲስ ለውጥ መጣ። ፕሮግራሙ የማስታወቂያውን ጽሑፍ ራሱ «ያሻሽላል»፣ ሊገዛ ይችላል ብሎ ለገመተውም ሰው ሁሉ አገር ሳይለይ ያሳያል። የሚፈለገው «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው።

«ሁሉም ላይ አብሪው» አለኝ ምሥጋናው።

«ጋሽ ይበልጣል ሳያዩት?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ሌሎቹ ሳይቀድሙን አብሪው።»

የድንቹ ማስታወቂያ የተከፈተው በጋሽ ይበልጣል ስም ነበር፤ ኮምፒውተራቸውም እንደተከፈተ ነው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጥሁ። ከመጫኔ በፊት አዲሱ ጽሑፍ ከእሳቸው ጽሑፍ ጎን ለናሙና ታየኝ። «በማንኛውም መሬት የሚበቅል፣ በሽታ የማይደፍረው ምርጥ የድንች ዘር!» ይላል። የመጨረሻው መስመር የለም። አነበብሁት። አላየሁትም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ግን አነበብሁት። ነገ እሳቸው ሲመጡ ያስተካክሉታል ብዬ ተጫንሁት።

በማግሥቱ ሌላ ሥራ መጣ። ምሥጋናው አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኋቸውም። የእሳቸው ስልክ ኢንተርኔት የማታውቅ የቁልፍ ስልክ ናት፤ የወጣውን ማስታወቂያ የሚያዩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስልካችን ግን መጥራት ጀመረ፤ ዘሩ አለቀ፤ የሮብ ገበያ ሰዎች አመሰገኑን። ምሥጋናው ደስ ብሎት ለሦስታችንም ክትፎ ጋበዘን። ጋሽ ይበልጣል «እውነት ሲነገረው ሰው ይገዛል፤ አላልሁህም?» አሉት። እኔ ሳህኔን አየሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እናኑ መጣች።

እናኑ ከአምበር ከተማ በታች ወረድ ባለው ሞቃት አገር ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ማስታወቂያውን ጎረቤቷ በስልክ አንብባላት፣ ጤፍ ትዘራበት የነበረውን መሬቷን ሁሉ ድንች ተከለችበት። ጭቃ የነካው ማዳበሪያ ተሸክማ ገባችና ጋሽ ይበልጣል ጠረጴዛ ሥር ዘረገፈችው። ቅጠሉ ጠቁሯል። ድንቹ በእጅ ሲነካ ይፈርሳል። ሽታው ቢሮውን ሞላው።

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አለች።

«የኔ እመቤት፣ ዘሩ ለደጋ ነው ብዬ ነው የጻፍሁት» አሏት ጋሽ ይበልጣል። «ሞቃት አገር አልተሞከረም ብያለሁ። ቆይ ላሳይሽ።» ኮምፒውተሩን ራሳቸው ከፈቱ። የሚተማመኑበትን ገጽ ነበር የሚፈልጉት።

አገኙት። ጽሑፉ እንዳለ ተለውጧል። ከጎኑ ቀኑና ሰዓቱ አለ፤ ከዚያ በታች «ይበልጣል ተቀብሎታል» ይላል።

ቀኑን አነበቡ፤ ጣታቸውን ቀኑ ላይ እንዳስቀመጡ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ለቅሶ የሄዱበት ቀን መሆኑን አውቀውታል። ወንበራቸው ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ማን እንደሆነም አውቀውታል።

«በእርስዎ ስም ነው ያለው፣ ጋሼ» አለ ምሥጋናው፤ እናኑ እንድትሰማ ጮክ አድርጎ። «ምን እናድርግ? መዝገቡ የሚለው ይህንኑ ነው።»

እናኑ ወደ እሳቸው ዞረች። «ሽበትዎን አያፍሩም? ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ጋሽ ይበልጣል አሁንም እኔን ያያሉ። አፌን ከፈትሁ መሰለኝ። ምሥጋናው ደግሞ እኔን አየኝ። ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ድንች ወደ ማዳበሪያው መልቀም ጀመርሁ። ያደረግሁት ይህን ነው።

በሳምንቱ ምሥጋናው አሰናበታቸው። ለሮብ ገበያ ሰዎችና ለሚጠይቀው ሁሉ «ሽማግሌው ተሳስተው ነው፤ አሰናብተናቸዋል» የሚል መልስ አዘጋጀ። ለብቻችን ስንሆን «እሳቸው ጡረታ አላቸው፤ አንቺ ምን አለሽ?» አለኝ። ክፉ አልመሰለኝም ያን ጊዜ። ያዘነልኝ መሰለኝ። የቤት ኪራዬን፣ የእናቴን መድኃኒት አሰብሁና ዝም አልሁ። ጽሑፉን ራሱ የሚያሻሽለው ነገርም እንደበራ ቀረ።

ጋሽ ይበልጣል ሰማያዊውን ደብተር ኪሳቸው ከትተው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ደኅና ዋሉ አልኋቸው። አልዞሩም።

መስከረም ላይ አምበር የሚከፈት አንድ መድኃኒት ቤት ፎቶ እንዳነሣ ተላክሁ። የገበያ ቀን ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ባጃጅ ስፈልግ ድምፃቸውን ሰማሁ። ድንችና ሽንኩርት በሚሸጥበት በኩል፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቆመዋል። ኮታቸው እንደተቆለፈ ነው። በእጃቸው በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ይዘው ጮክ ብለው ያነባሉ።

«በእኔ በይበልጣል ስም የወጣው የድንች ዘር ማስታወቂያ ሐሰት ነው። ዘሩ ለደጋ ነው። ሞቃት አገር አልተሞከረም። ለከርሞ ማንም እንዳይተክለው። ለተጎዳው ሰው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰው ተሰብስቧል። አንዳንዱ ይስቃል፤ ሰክረዋል የሚልም ነበር። እናኑ ከመካከል ወጣች። «አሁን ነው ትዝ ያለህ? ውሸታም ሽማግሌ!» አለቻቸው። አንተ ነው ያለቻቸው፣ ያንን ሁሉ ሰው ፊት። አንድ ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ይበልጣል ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ወረቀቱን አስተካክለው ያዙና ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና አነበቡት።

እኔ ከአንድ የበርበሬ ነጋዴ ጀርባ ነበርሁ። ባጃጅ አገኘሁና ሄድሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ መታመማቸውን የነገሩኝ ሐጂ ሰዒድ ናቸው። «ሳንባውን ነው አሉ። ሄደሽ አላየሽውም?» አሉኝ፤ በእኔ እየተገረሙ። የሆነውን ጋሽ ይበልጣል ለእሳቸው እንኳ አልነገሯቸውም ነበር። ነሐሴ ውስጥ ብርቱካን ይዤ ሄድሁ። ግድግዳው ሥር ባለ አልጋ ላይ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኮቱን አውልቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። አንገታቸው የልጅ አንገት አክሏል።

እንደተቀመጥሁ አለቀስሁ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የተጫንሁት። ጽሑፉንም አንብቤዋለሁ» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆዩ። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ነዋ። ያን ቀን ጠበቅሁሽ። በማግሥቱም ጠበቅሁ። ምሥጋናው ሲያሰናብተኝም በሩ ላይ ቀስ ብዬ ነው የሄድሁት፤ ትጠሪኛለሽ ብዬ። ደኅና ዋሉ አልሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ለእኔ መናገርሽ ምን ይጠቅማል? እኔ የማውቀውን!» ተቆጡ፤ ቁጣው ሳል ሆነባቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። ሲመለስላቸው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናኑ አታውቅም። በስሜ ነው የምትረግመኝ። ሳልሞት ሄደሽ ንገሪያት። ከዚያ መጥተሽ ይቅርታሽን ትጠይቂኛለሽ።»

ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኋቸው። ቅዳሜ ሥራ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሜ በምን ምክንያት እንዳሳለፍሁት አላስታውስም። ሐጂ ሰዒድ የደወሉት መስከረም ማለቂያ ላይ ነው።

ቀብራቸው ላይ ምሥጋናው ጥቁር ለብሶ መጣ፤ አለቀሰም። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ በመጨረሻ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሠርተዋል ተባለ፤ ሌላ የተነገረ የለም። ከቀብር ስንመለስ ሁለት ሰዎች ከፊቴ «የድንቹ ሰውዬ አይደሉም?» ሲባባሉ ሰማሁ። አለመናገሬ እዚያ ድረስ ተከትሏቸው ሄዷል። የዚያኑ ሳምንት ሐሙስ ሥራ ሳላስፈቅድ አምበር ሄድሁ።

እናኑን ያገኘኋት ማሳዋ ውስጥ ጤፍ ስታርም ነው። አላወቀችኝም። «የማስታወቂያ ቢሮዋ ልጅ ነኝ፤ ድንቹን የለቀምሁት» ስላት ቀና አለች። ሁሉንም ነገርኋት። ለቅሶ የሄዱበትን ቀን፣ ወንበራቸውን፣ ያነበብሁትን። ፕሮግራሙ ራሱ ይጽፋል ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ስሞክር በእጇ አስቆመችኝ።

«ፕሮግራሙን ተይው። እሳቸው አልጻፉትም ነው የምትይኝ?»

«አልጻፉትም።»

«ገበያ ላይ ውሸታም ብዬ ስሰድባቸው ነበርሽ?»

«ነበርሁ።»

«እያየሽ?»

«እያየሁ።»

በእጇ የያዘችውን አረም ጣለችው። ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ቁጣ አልመጣም። ሌላ ነገር ነበር፤ እንደሚያመው ሰው አፏን በእጇ ያዘች።

«ሰኔ ላይ ዘር ተሸክመው መጡ» አለች። «ይሄ ጤፍ የእሳቸው ነው። ከመኪና መንገድ እስከዚህ በትከሻቸው ነው ያመጡት፤ ሲያስሉ እሰማ ነበር። ዘሩን ተቀበልሁና በሩን ዘጋሁባቸው። ግቡ አላልኋቸውም። ውኃ እንኳ አልሰጠኋቸውም። የበደሉኝን እየከፈሉ መስሎኝ!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት።

«አሁን ሞቱ ነው ያልሽኝ?»

«ባለፈው ሰኞ።»

«እኔ ተበድዬ ነበር የምኖረው» አለች እናኑ። «በዳይ አደረግሽኝ። አንቺ ተናግረሽ ቀለለሽ። እኔ ማንን ይቅር በሉኝ ልበል?»

ጎንበስ ብላ ማረሟን ቀጠለች። ትሄድ ወይም ትቆጣ እንደሆነ እየጠበቅሁ ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት እንደሄደች ሳትዞር ተናገረችኝ።

«ከዚያ ውጪ። ጤፉን እየረገጥሽው ነው።»

ወደ እግሬ አየሁ። እውነቷን ነበር።